ግንድ ላይ የተሰቀለው ቃል

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ሁሉ ከአሸዋ ሥር ገብቶ በተደበቀበት ክፉ በጋ፣ በአንድ ቆላ አገር አንዲት አህያ ነበረች። እመት አህያ ይሏታል። ጭነት ስትሸከም ያረጀች፣ ጀርባዋ ላይ ጠጉር የማይበቅልበት ቦታ ያላት፣ ነገር የማታበዛ አህያ ናት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚባለውን ተረት ታውቁታላችሁ። የእርሷ ባል ተረቱን ገና ሲሰማ ነው አገር ለቆ የሄደው።

እመት አህያ በደረቀ ወንዝ ላይ ስትሄድ ቆም ትልና አሸዋውን ታሸታለች። አሽትታ አሽትታ አንድ ቦታ ትመርጥና በፊት ኮቴዋ መቆፈር ትጀምራለች። አሸዋው እየተናደ ይመለስባታል፤ እርሷም መልሳ ትዝቀዋለች። በመጨረሻ የጉድጓዱ ሥር ይረጥባል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ይሰበሰባል።

በዚያ በጋ የቆፈረችው ጉድጓድ አገሩን ሁሉ አጠጣ። ሚዳቋ መጣች፣ ከርከሮ ከነቤተሰቡ መጣ፣ ዝንጀሮዎች ጋጋታቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም ጠጥተው ይሄዳሉ። ማንም ምንም አይላትም። ውሃ መቼም ውሃ ነው፤ ሲገኝ ይጠጣል። አንዲት ቆቅ ብቻ አንድ ጉንጭ በተጎነጨች ቁጥር ራሷን ቀና ታደርግ ነበር።

እመት አህያ አንድ ቀን ጠየቀቻት።

«አንቺ ቆቅ፣ ምን እያየሽ ነው ወደ ላይ የምታንጋጥጪው?»

«የሰጠውን ነዋ። ዝቅ ስል ደግሞ የቆፈረችውን አያለሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ እመት አህያ።»

እመት አህያ ጆሮዋን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ ነገር ተብላ አታውቅም። «አሸዋው ይናዳል፤ ወደዚህ ቆመሽ ጠጪ» ብቻ አለቻት።

ይህን ሁሉ አያ ጅቦ ከማዶ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ያያል። የሚያስጎመጀው ውሃው አልነበረም፤ ዓይኑ ከአህያዋ ዳሌ ላይ አልነቀል ብሎ ነበር። ነገር ግን በአገሩ ሕግ ውሃ ዳር ደም ማፍሰስ ክልክል ነው። ደግሞም ያ ሁሉ አውሬ በተሰበሰበበት መሀል አህያ ጥሎ መብላት ለጅብ እንኳ ያሳፍራል። ስለዚህ ምራቁን እየዋጠ ይውላል።

ምራቁን ሲውጥ እመት ቀበሮ አየችው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ያህል ከምትሠቃይ ለምን አትከሳትም?»

«በምን?»

«በግፍ።»

አያ ጅቦ ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። «ይበላል?»

«አይበላም፤ ያስበላል።»

ቀበሮዋ ነገሩን አስረዳችው። ጉድጓዱ ያለበት አሸዋ የአባቴ ርስት ነው ይላል። ሳታስፈቅደኝ በርስቴ ላይ ቆፈረች ይላል። አንበሳ ከፈረደለት ጉድጓዱ የእርሱ ነው፤ አህያዋም በካሣ ትሰጠዋለች። «እኔ ብዙ አልፈልግም» አለች ቀበሮዋ፤ «ከጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻ እቆማለሁ። ሊጠጣ የሚመጣ ሁሉ ለእኔ አንድ ነገር ሳይዝ አይመጣም።»

«እሺ፣ ምን ብዬ ልናገር?»

«በመጀመሪያ አንገትህን ስበር። ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ከዚያ ‹ግፍ› በልና ዝም በል። ምን እንደሆነ አትንገራቸው። ሰሚው ሁሉ በየልቡ የራሱን በደል ያስታውስና ያንተ ይመስለዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ታስጌጠዋለህ። ይህ ቃል ብቻውን ሲሄድ አያምርበትም። ‹የግፍ እንባ› ትላለህ፤ ‹የግፍ ቀንበር› ትላለህ፤ ‹የግፍ ጽዋ ሞልቶ ፈሰሰ› ትላለህ።»

አያ ጅቦ እዚህ ላይ ጆሮውን አቆመ። «ጽዋው ውስጥ ምን አለ?»

«ግፍ ነዋ።»

«ሞልቶ ከፈሰሰ ማን ይልሰዋል?»

ቀበሮዋ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «አያ ጅቦ፣ አንተ ዝም ብለህ በል።»

እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የንግግር ትምህርት የትም አልሰማሁም። ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማው ተናጋሪ ብዙው እዚያው ቁጥቋጦ ሥር የተማረ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጧት፣ አውሬው ሁሉ ውሃ ላይ እንዳለ፣ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጣና «በሕግ አምላክ» አለ። በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እመት አህያም አሸዋ እየዛቀች እንደነበረች አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች።

«ይህች አህያ ግፍ ሠርታብኛለች» አለ አያ ጅቦ። አንገቱን ሰበረ፤ ዝም አለ።

ቀበሮዋ እንዳለችውም ሆነ። ከርከሮው ባለፈው ዓመት አንድ ጉልበተኛ የነጠቀውን ሥራ ሥር አሰበ። ሚዳቋዋ የሞተባትን ግልገል አሰበች። ሁሉም በየራሱ ነገር አዝኖ ጅቡን በሐዘኔታ ተመለከተው።

የአካባቢው ጭቃ ሹም አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበር። «እመት አህያ፣ ተከሰሻል» አላት። «ነገሩ ጌታችን አንበሳ ዘንድ እስኪታይ ድረስ ዋስ ጥሪ። ዋስ ካጣሽ ከከሳሽሽ ጋር በቁራኛ ትታሰሪያለሽ።»

ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ዘንድ እስኪቀርቡ በአንድ ገመድ ታስረው አብረው መዋላቸው፣ ካልደረሱም አብረው ማደራቸው ነው። ከጅብ ጋር በአንድ ገመድ መታሰር ለአህያ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

እመት አህያ ወደ ቀኝ አየች። ከርከሮው ቁና ቁና እየተነፈሰ መሬት ማሽተት ጀመረ። ወደ ግራ አየች። ሚዳቋዋ የሌለ ዝንብ ታባርራለች። ወደ ፊት አየች። ጭቃ ሹሙ ራሱ፣ የጉድጓዱ ውሃ ገና ከጢሙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሰማይ ሰማይ ያያል። አህያዋን የጠላት አልነበረም። ብቻ ጅብን ማን ደፍሮ ያስቀይማል? እያንዳንዱ ሌላው ይናገርላታል ብሎ ጠበቀ። ቆቋ ደግሞ ያን ቀን ውሃ አልወረደችም፤ ጎጆዋ ውስጥ እንቁላል ታቅፋ ነበር።

የልጥ ገመድ መጣ። አንዱ ጫፍ በአህያዋ አንገት፣ ሌላው በጅቡ አንገት ገባ።

አያ ጅቦ ደስ ብሎት መንገድ ጀመረ። አህያ ከጎኑ ናት፤ ሽታዋ አፍንጫው ውስጥ ነው። ጥቂት እንደሄዱ ጥርሱን ማፋጨት ሲጀምር ቀበሮዋ ከኋላ ደረሰችበትና ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ሕጉን እንዳትረሳ። በቁራኛ አብሮህ የታሰረ ከጠፋ ወይም ከቆሰለ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ከጅብ ጋር ታስራ የመጣች አህያ ብትጎድል አንበሳ ‹የት ገባች› ብሎ አይጠይቅም።»

አያ ጅቦ ሲከሳት ይህን አላሰበም ነበር። የዓለም ጅብ ሁሉ የሚመኘውን አግኝቶ፣ አህያ ከአንገቱ ጋር ታስራለት፣ እርሱ ጠባቂዋ ሆኖ አረፈው። ገደል ሲያይ ገመዱን ሳብ ያደርግላታል። ሥሩ የተቦረቦረ ድንጋይ ሲያይ «በዚህ በኩል» ይላታል። አንድ ቦታ ላይ የግራር እሾህ ኮቴዋ ሥር ተሰካና ማነከስ ጀመረች። አያ ጅቦ ግራ ተጋባ። እሾህ መንቀያ ከጥርሱ በቀር ምንም የለውም። ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ሲያስጠጋ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሾሁ ወጣ።

«እግዜር ይስጥህ፣ አያ ጅቦ» አለችው።

አያ ጅቦ ማንም እንዲህ ብሎት ስለማያውቅ፣ ሌላ ጅብ ቆሞ እንደሆነ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

ፀሐይ እየከረረች ሄደች። አያ ጅቦ መንገዱን ሁሉ ንግግሩን ሲለማመድ ስለነበር ጉሮሮው ቀድሞ ደረቀ። ግጥምም አዘጋጅቶ ነበር፦

«ግፍ ከፊቴ ቆመ፣ ግፍ ከኋላ መጣ፣
ግፍ ውሃዬን ጠጣ፣ እኔን ጥም ሊቀጣ።»

«እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ቤት ይመታል» አለች እመት አህያ። «ምን ማለት ነው?»

«እርሱን ለእኔም አልነገሩኝም።»

ይህን ብሎ ብዙም ሳይሄድ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ገመዱ አህያዋንም ጎትቶ አንበረከካት። የወደቁበት ቦታ የደረቀ ወንዝ ነበር። እመት አህያ እንደ ልማዷ አሸዋውን አሸተተች። ከዚያ እንደ ሬሳ የከበደውን ጅብ በአንገቷ እየጎተተች መቆፈር ጀመረች። አሸዋው ተመለሰባት፤ እርሷም መልሳ ዛቀችው። ውሃው ሲሰበሰብ ገመዱ እንዳያንቀው ጠጋ አለችለት።

«ጠጣ።»

«አንቺስ?»

«እጠጣለሁ። አንተ ወድቀሃል፤ እኔ ገና አልወደቅሁም።»

አያ ጅቦ ጠጣ። ሰማይ አላየም፣ እርሷንም አላየም። አፉን ልሶ ተነሣና ግጥሙን ካቆመበት ቀጠለ።

አንበሳው ችሎት የሚያስችለው ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። ያን ቀን ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከጧት ጀምሮ የሚሰማው ሁሉ የግፍ አቤቱታ ነው። ጃርት እንቅልፍ ወስዶት በራሱ እሾህ ቢወጋ ግፍ ተሠራብኝ ብሎ ከሷል። ጉሬዛ ነፋስ ጭራዋን ቢያንጨፈርርባት ግፍ ነው ብላለች። እንሽላሊት ደግሞ ፀሐይ ከእርሷ ድንጋይ ተነሥታ ጎረቤቷ ድንጋይ ላይ አረፈች፤ «ይህ የግፍ ግፍ ነው» ብላ እያለቀሰች ሄዳለች።

አያ ጅቦ ሲደርስ በመጀመሪያ የጠየቀው ቁርበት ነበር። በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ማለት የዘመዶቹ ልማድ ነውና አንፍረድበት። ያነጠፈለት ግን የለም። ነገር ሲታይ መቅረት የሚወድ ስለሌለ ከውሃው ዳር የነበሩት ሁሉ ተከትለው መጥተዋል። ጭቃ ሹሙም ከፊት ቆሟል።

አንበሳው አፉን ከመክፈቱ በፊት ከሕዝቡ እግር መሀል አንድ ነገር እየተሽሎከሎከ መጣ። ቆቋ ናት። ወሬው ዘግይቶ ጎጆዋ ደርሶ፣ ያን ሁሉ መንገድ ግማሹን በእግሯ ግማሹን በክንፏ መጥታ፣ አቧራ መስላለች።

«ጌታዬ፣ ለእመት አህያ ዋስ ልሆን መጥቻለሁ።»

ሕዝቡ ሳቀ። አንበሳው ጎንበስ ብሎ አያት። «አንቺ ምን አለሽና?»

«እንቁላሎቼ አሉኝ፣ ጌታዬ። ታቅፌያቸው ከነበረበት ትቻቸው ነው የመጣሁት። እመት አህያ ጠፋች ቢባል በእርሷ ፈንታ ይያዙልኝ።»

ሳቁ ቆመ። አንበሳው «ገመዱ ይፈታ» አለ። «እኛም እንቁላሎቹ ሳይቀዘቅዙ ነገሩን እንጨርስ። ከሳሽ፣ ተናገር።»

አያ ጅቦ አንገቱን ሰበረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጌታዬ፣ ግፍ» አለና ዝም አለ።

«በቃ» አለ አንበሳው። «ይህ ቃል ከጧት ጀምሮ ሲጎተት ውሎ እንደ አሮጌ አቁማዳ ሳስቷል። ሁሉም ያልሆነውን ሲከትበት ምን እንደያዘ እኔም ጠፋኝ። እዚያ ግንድ ላይ ስቀሉልኝ። አውርዱት ካላልሁ በቀር ማንም አያወርደውም። እናንተ ያለ እርሱ የሆነውን ብቻ ንገሩኝ።»

ጭቃ ሹሙ ዝንጀሮ ትእዛዝ መፈጸም ደስ ስለሚለው፣ አንድ ነገር የያዘ ይመስል ባዶ እጁን ዘርግቶ ሄደና ከሾላው ግንድ ላይ ሰቅሎ ተመለሰ።

«እሺ፣ ቀጥል» አለ አንበሳው።

«ጽዋው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጌታዬ።»

«የምን ጽዋ?»

አያ ጅቦ ተጨነቀ። «እርሱማ ግንዱ ላይ ነው ያለው።»

ወደ ቀበሮዋ ዞሮ አየ። ቀበሮዋ ጥፍሯን ትመረምራለች።

«ያለህን ተናገር» አለ አንበሳው። «አሸዋው የማን ነው?»

«የአባቴ ርስት ነው።»

«ማስረጃህ?»

አያ ጅቦ ይህን ያውቀዋልና ደረቱን ነፋ። «አባቴ የሞተው እዚያው አሸዋ ላይ ነው። አገር ያውቃል።»

«ነፍስ ይማር። ምን ገደለው?»

«ውሃ ጥም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አያ ጅቦ ምን እንዳለ የጠረጠረው ቀበሮዋ ፊቷን በጭራዋ ስትሸፍን አይቶ ነው። ግን ካፈርሁ አይመልሰኝ ብሎ ቀጠለ። «ዛሬም ስንመጣ እኔ ራሴ ጠምቶኝ ወድቄ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ተነሣህ?»

«ቆፈረች። ጠጣሁ።»

«ያኛው አሸዋስ የማን ርስት ነው?»

«እንጃ። የማንም አባት የሞተበት አይመስለኝም።»

«ማን ቀድሞ ጠጣ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው» አለ አንበሳው፤ ድምፁም ቁጣ አልነበረበትም፤ «ይህች አህያ ምን አድርጋህ ነው የከሰስሃት?»

አያ ጅቦ ከልቡ አሰበ። በሕይወቱ እንደዚያ ያሰበበት ቀን ያለ አይመስለኝም። የተማረውን ሁሉ ፈለገ፤ ሁሉም ግንዱ ላይ ነው። በመጨረሻ ከሆዱ ውስጥ ያገኘውን እውነት አወጣ።

«አልተበላችልኝም።»

አንበሳው ወደ አህያዋ ዞረ። «አንቺስ? ያለ ቃሉ ተናገሪ።»

«እኔ ቃሉን ይዤ አልመጣሁም፣ ጌታዬ» አለች እመት አህያ። «ከባድ ነው። ያላዘዙኝን ጭነት አላነሣም።»

ጆሮዋን ነቀነቀችና ቀጠለች። «ከምስጋና ልጀምር። ቆቅ እንቁላሏን ትታ መጥታልኛለች። ውለታዋን የምመልስበት የለኝም፤ ተሸክሜው እኖራለሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚህ የቀለለኝ ጭነት የለም። አያ ጅቦም መንገድ ላይ እሾህ ነቅሎልኛል። በጥርሱ ነበር፤ ጥርሱንም መልሶ ወሰደ። እግዜር ይስጠው። አሸዋውም ለምኜው ውሃ ከልክሎኝ አያውቅም።»

«ሌላስ?» አለ አንበሳው።

«ሌላው አጭር ነው። ውሃ ቆፈርሁ። መጥተው ጠጡ። ዛሬ ጧት ዋስ ጥሪ ተባልሁ። ወደ ቀኝ አየሁ። ወደ ግራ አየሁ። ወደ ፊትም አየሁ። ጢማቸው ገና እርጥብ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገመድ መጣ።»

አህያዋ ያንን ቃል አልጠራችውም። ሌላም የጠራው አልነበረም። ነገር ግን ሁሉም፣ ከርከሮውም፣ ሚዳቋዋም፣ ጭቃ ሹሙም፣ ሳይነጋገሩ ወደ ግንዱ አዩ።

«አሁን አውርዱት» አለ አንበሳው። «የእርሷ ነው።»

ጭቃ ሹሙ ሊያወርደው ሄደ። ሲሰቅለው ባዶ የነበረው እጁ ሲያወርደው ከበደውና ሁለቱንም እጆቹን ከሥሩ አደረገ። ይዞም ከአህያዋ ፊት ቆመ። ጢሙ ደርቋል፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

«እመት አህያ፣ ፊትሽ ቆሜ ሰማይ ሰማይ ያየሁት እኔ ነኝ» አላት። «ዋስ ጥሪ ያለሽም የእኔ አፍ ነበር። ውሃሽን ጠጥቼ ግፍ ውዬብሻለሁ። ዛሬ ነው ቃሉን ያወቅሁት።»

እመት አህያ ብዙ አልቆየችም። «ውሃው ነገም አለ» አለችው። እንዲህ የምትል አህያ ናት።

አንበሳው ፍርዱን አሳጠረ። ጉድጓድ የአባት ርስት አይሆንም፤ የቻለ ይቆፍራል፣ የጠማው ይጠጣል። አያ ጅቦ ከሁሉ በኋላ ይጠጣል፤ የሚናደውንም አሸዋ ከጉድጓዱ አፍ እየዛቀ ያወጣል። አህያዋን ዳግመኛ እንዳይነካም ዋስ ይጠራል።

አያ ጅቦ ወደ ቀኝ አየ። ወደ ግራ አየ። ሁሉም መሬት ያሸታል።

«አትድከም፣ ዋስህ እመት ቀበሮ ናት» አለ አንበሳው። «ቃል ሲጠፋህ ወደ እርሷ ስትዞር አይቻለሁ፤ ንግግር ያስተማረችህ ጠባይህንም ሳታውቅ አትቀርም። ጥርስህ አህያ የነካ ቀን ቅጣቱ ከእርሷ ቆዳ ላይ ይነሣል።» ቀበሮ እስከ ዛሬ ድረስ ጅብ በሄደበት ሁሉ ራቅ ብላ እየተከተለች በጭንቀት የምትመለከተው ለዚህ ነው ይባላል።

«አንቺስ፣ እመት አህያ፣ ካሣሽ ምን ይሁን?»

«እንቁላሎቹ እየቀዘቀዙ ነው፣ ጌታዬ። ፍቀዱልኝና ቆቅን ይዤ ልሩጥ።»

አንበሳው ፈቀደ። ቆቋ ጀርባዋ ላይ ወጣች፤ ጠጉር በማይበቅልበት በዚያ ቦታ ላይ ተቀመጠችና የጋማዋን ጫፍ በአፏ ያዘች። እመት አህያ በዕድሜዋ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። ሚዳቋዋ ቀድማ እሾህ የሌለበትን መንገድ ታሳያለች፤ ከርከሮው ቁጥቋጦውን በጥርሱ እየገነደሰ ይጠርጋል፤ ዝንጀሮዎቹ በዛፍ ላይ እየዘለሉ «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» ይላሉ። አያ ጅቦ ከኋላ ይሮጣል። ለምን እንደሚሮጥ አያውቅም፤ ግን ሁሉም ሲሮጥ ምግብ ያለ ይመስለዋል።

ጎጆው ዘንድ ሲደርሱ ቆቋ ዘልላ ወረደችና እንቁላሎቹን በደረቷ ዳሰሰች። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

«አልቀዘቀዙም» አለች።

ጎጆው የነበረው በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለው አሸዋ፣ ውሃውን ከሥሩ እንዳቆየ ሁሉ እንቁላሎቹንም ሙቀቱን ሰጥቶ አቆይቷቸዋል። ቆቋ ታቀፈቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ከሥሯ ጭው፣ ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሚዳቋዋም አለቀሰች።

ከዚያ ሁሉም ውሃ ወረዱ፤ ሩጫው አስጠምቷቸዋል። ጭቃ ሹሙ ቀድሞ ጎንበስ አለ፣ አንድ ጉንጭ ተጎነጨ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ላይ አየ። ዝቅ ሲል ደግሞ ወደ አህያዋ አየ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እመት አህያ።»

ከርከሮው ደገመው። ሚዳቋዋ ደገመችው። እያንዳንዱ በተራው ጠጥቶ እያመሰገነ ሲያልፍ እመት አህያ ከጉድጓዱ ዳር ቆማ ጆሮዋን ትነቀንቃለች። የሁሉ መጨረሻ አያ ጅቦ ነበር። ጠጣ፤ ሌሎቹ ሲያደርጉ ስላየ ራሱን ቀና አደረገ፤ ወደ ላይ ሲያይ ምንም የሚበላ ስላላገኘ ወደ አህያዋ አየ። ብዙ ካሰበ በኋላ «እግዜር ይስጥሽ» አለ። ልማድ እንደዚያም ይጀመራል።

እመት አህያ የጉድጓዱን አፍ በኮቴዋ ጠራርጋ ጠራርጋ በመጨረሻ «አሸዋው ይናዳል» አለች፤ «ወደዚህ ቆማችሁ ጠጡ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ግፍ የሚለውን ከባድ ቃል በየትንሹ ነገር ከማሳሳት በእውነት ለተገፋ ማቆየት እንደሚገባን፣ ውሃ ቆፍሮ ያጠጣን ሰው ዋስ ጥራ ሲባልም ቀድሞ ዋስ መሆን የምስጋና ሁሉ መጀመሪያ መሆኑን ነው።